ፈቃድና ፍርሃት፤ የሠለጠነ ውሻ የሚመዘንበት ሥርዓት

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የሚኖር ገበሬ በግ ሊገዛ ገበያ በወጣ ጊዜ ጀርባውን ዳብሶ፣ ጥርሱን ገልጦ፣ ላቱን በመዳፉ መዝኖ ዋጋውን ይቈርጣል፤ በሬም እንደ ሆነ ትከሻውንና ሰኰናውን ሳያይ ገንዘቡን ከመቀነቱ አይፈታም። በደጁ የሚያድረውን ውሻ የሚመዝነው ግን በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ሌሊት ጅብ ወደ በረቱ ሲጠጋ መጮኹ፣ ቀንም ባዕድ ሰው ሲመጣ ደፍሮ መውጣቱ ነው። ይህ ሚዛን ለበረት ጥበቃ የበቃ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ውሻው ከጌታው ጋር ገበያ የሚወጣ፣ በሰው በጎች መካከል በሰላም የሚያልፍ፣ ሲጠሩት የሚመለስ፣ ቁጭ በል ሲሉት የሚቀመጥ እንዲሆን የተፈለገ እንደ ሆነ ሌላ ሚዛን ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ሊመዝን የሚወድ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፣ ፍርሃት ያስገኘው መታዘዝና ፈቃድ ያስገኘው መታዘዝ ከሩቅ ሲታዩ የሚመሳሰሉ መሆናቸውን ነው፤ የመዛኙም ዕውቀት ሁሉ ሁለቱን ከቅርብ ለይቶ በማወቅ ይጠቀለላል።

ውሻ ከሰው ጐን መሄዱ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ በሆነው በመጽሐፈ ጦቢት፣ ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር ወደ ሩቅ አገር ሲጓዝ ውሻው አብሮ እንደ ሄደ ተጽፎአል። አበውም «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ብለው ሲተርቱ፣ ምንም እንኳ ነገሩን በሰው ላይ ቢያውሉት፣ የእንስሳውን ጠባይዕ በትክክል አስተውለውታል፤ ውሻ ደግ ነገር ያገኘበትን ስፍራ ይወዳል፣ ደግ ነገር ያስገኘለትንም ግብር ይደጋግማል። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ድመቶች ከተዘጋ ሣጥን መውጫ ሲፈልጉ ተመልክቶ በጻፈው ጥናት፣ ከእርሱም በኋላ ቢ. ኤፍ. ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው መጽሐፍ፣ መልካም ፍሬ የተከተለው ግብር የሚጸና፣ ፍሬ ያጣውም ግብር እየደከመ የሚሄድ መሆኑን በፈተና አረጋግጠዋል። በታንዛንያም፣ በሞሮጎሮ ከተማ፣ አፖፖ የተባለው ድርጅት ትልልቅ አይጦችን ጠቅ የሚል ድምፅ እያሰማና ሙዝ እያቀመሰ የተቀበረ ፈንጂ በማሽተት እንዲያገኙ ያሠለጥናቸዋል፤ የሰው ነፍስ የተመካበት ይህን የመሰለ ሥራ ያለ ጅራፍ በድርጎ ብቻ ጸንቶ መቆሙን የሰማ ሰው፣ ይህ መንገድ ለቅምጥል የከተማ ውሻ ብቻ የታሰበ ነው ሊል አይችልም።

ምዘናው የሚጀምረው ከገመዱ ነው። ገመዱ ከፈረንጅ ቆዳ የተሠራ ቢሆን ወይም ከጓሳ ሣር የተገመደ ቢሆን ልዩነት የለውም፤ መታየት ያለበት፣ ሰውና ውሻ አብረው ሲሄዱ መሐሉ ረግቦ ወደ ምድር ማዘንበሉ ነው። የተወጠረ ገመድ፣ ውሻው ይሳበው ሰውየው ይሳበው፣ ትምህርቱ ከውሻው ልቡና ውስጥ ሳይገባ ገና በገመዱ ላይ መሆኑን ይመሰክራል። በውጭ አገር ውድድር ውሻው በሰውየው ግራ፣ ትከሻውን ከጉልበቱ ትይዩ አድርጎ እንዲሄድ ይፈለጋል፤ በደጋው አገራችንም መንገደኛ ዱላውን በቀኙ ስለሚይዝ ይህ ሥርዓት ተስማሚ ነው። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ግን ማንኛውም ውሻ ለጥቂት ጊዜ ሊያምር ስለሚችል፣ መዛኙ ሰውየውን ድንገት እንዲፈጥን፣ እንዲያዘግም፣ እንዲቆም፣ ከሁሉም በላይ ወደ ግራ እንዲታጠፍ ይጠይቀው። ወደ ግራ ሲታጠፉ ሰውየው ወደ ውሻው ስለሚዞር፣ ያልተማረው ውሻ ከእግሩ ጋር ይጠላለፋል፤ የተማረው ግን የኋላ እግሮቹን ሰብስቦ ከጌታው ጋር አብሮ ይዞራል። ከመንዝና ከመርሐቤቴ ደጋ ወደ ጀማ ወንዝ በሚወርደው ጠባብ የገደል መንገድ ላይ ደግሞ ጐን ለጐን መሄድ ራሱ ስሕተት ነው፤ በዚያ ስፍራ ብልኅ አሠልጣኝ በአንድ ቃል ውሻውን ወደ ኋላው ያሳልፈዋል፣ መንገዱም ሲሰፋ ወደ ጐኑ ይመልሰዋል።

ከገመዱ ቀጥሎ የውሻው ገላ ይነበባል። የፈቃድ ምልክቱ የላላ አፍ፣ ያልተገተረ ጀርባ፣ ወደ ሰውየው እየተመለሰ ዙሪያውንም የሚያይ ዓይን ነው። ጅራቱን በእግሮቹ መካከል የቀበረ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ያጣበቀ፣ ምግብ ሳይቀርብለት ከንፈሩን የሚልስ፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት የሚያዛጋ፣ ሲጠሩት ሆዱን ወደ ምድር አስጠግቶ የሚመጣ ውሻ ግን፣ ትእዛዙን አንድ ሳይቀር ቢፈጽም እንኳ፣ የተማረው ቅጣትን መሸሽ ብቻ መሆኑን ገላው ይናገርበታል። በአገራችን ለዚህ የሚሆኑ ሁለት የማይሳሳቱ ፈተናዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ አሠልጣኙ የጫማውን ማሰሪያ እንደሚያስር ሰው ጐንበስ እንዲል ማድረግ ነው፤ ሰው ሲያጐነብስ ድንጋይ ሊያነሣ ነው ብሎ የማይሸሽ ውሻ በመንገዶቻችን ላይ ብርቅ ስለ ሆነ፣ በዚህ ጊዜ ቀርቦ የሚያሸትተው ውሻ በማን እጅ እንዳደገ ሌላ ምስክር አያሻውም። ሁለተኛው፣ ሰውየው ዱላውን ከአንድ ትከሻው ወደ ሌላው እንዲያዛውር ማድረግ ነው፤ በዚህ ጊዜ ውሻው ቢደነግጥ፣ ዱላው ከዚህ ቀደም ለምን ሲያገለግል እንደ ኖረ ይታወቃል።

ይህ ሁሉ የሥራው ፍሬ ሲሆን፣ ሥሩ ያለው በአሠልጣኙ እጅና ጊዜ ላይ ነው። ጸናጽል ከዜማው ጥቂት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የወደቀ እንደ ሆነ ማሕሌቱ እንደሚበላሽ፣ የምስጋናውም ቃል ከግብሩ በኋላ ዘግይቶ የመጣ እንደ ሆነ ትምህርቱ ይበላሻል፤ ውሻው ተቀምጦ ከተነሣ በኋላ «እሰይ!» የተባለ እንደ ሆነ የተመሰገነው መነሣቱ ነውና። ስለዚህ ጥሩ አሠልጣኝ አጭርና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ ምልክት ይመርጣል፤ ግብሩ በተፈጸመባት ቅጽበት ምልክቱን ይሰጣል፣ ድርጎውንም ወዲያው ያስከትላል። ድርጎው ከጥፍር የማይበልጥ ይሁን፤ ትልቅ ጉርሻ ማኘክን ያስረዝማል፣ ሆድን ይሞላል፣ ተማሪውንም ያሰንፋል። የሚሰጥበትም ስፍራ ከመዛኙ ዓይን ሊሰወር አይገባም፤ ከጐን መሄድን የሚያስተምር ሰው ድርጎውን በጉልበቱ አጠገብ ሳይሆን ከፊቱ የሰጠ እንደ ሆነ፣ ውሻው በበላበት ይቆማልና ዘወትር ወደ ፊት እየቀደመ መንገዱን ይዘጋበታል። በዐቢይ ጾም ወራት ከቤቱ ሥጋና አይብ ሲጠፋ አንዳንዱ ትምህርቱን እስከ ፋሲካ ያቋርጣል፤ ብልኁ ግን ለቀላሉ ሥራ የዳቦ ቅራፊ፣ ለከባዱ ሥራ አስቀድሞ ያኖረውን የቋንጣ ፍርፋሪ እየለየ ይሰጣል። ድርጎን እንደ ሥራው ክብደት መለየት የአዋቂ ምልክት ነው።

ጉቦና ደሞዝ እንዳይቀላቀሉም መዛኙ ይጠንቀቅ። ምግቡ አስቀድሞ ታይቶ ሥራው ከተከተለ ጉቦ ነው፤ ሥራው ቀድሞ ምግቡ ሳይታይ ከተከተለ ደሞዝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ውሻውን በምግብ መምራት ባይከለከልም፣ ይህ ቶሎ ያልቀረ እንደ ሆነ ባዶ እጅ ያየ ውሻ አይታዘዝም። እንግዲህ መዛኙ፣ አሠልጣኙ ምግቡን ከራቀ ድንጋይ ላይ አኑሮ ባዶ እጁን እንዲያዝ ይጠይቀው። ውሻው ከታዘዘ በኋላ አብረው ወደ ድንጋዩ ሄደው ደሞዙ የተከፈለው እንደ ሆነ፣ ያ ትምህርት የበሰለ ነው።

በግቢ ውስጥ የተማረ ነገር በገበያ እንደሚጠፋ ሁሉም አሠልጣኝ ያውቀዋል፤ በመንዙ መሐል ሜዳ ወይም በመርሐቤቴው ዓለም ከተማ ገበያ መካከል ቁጭ በል ተብሎ ያልተቀመጠ ውሻ እልኸኛ አይባልም፤ ትምህርቱ ከግቢው አጥር ያልወጣ ነው እንጂ። የበሰለ ሥራ ከጸጥታ ወደ ሁካታ፣ ከቅርብ ወደ ሩቅ በደረጃ የተሻገረ ነው፤ በጎች ባሉበት ስፍራም በረጅም ገመድ ተይዞ፣ መጀመሪያ ከበጎቹ ርቆ፣ ቀጥሎ ወደ እነርሱ ቀርቦ የተለማመደ ነው። ወደ ጓሳ ግን ፈተና ፍለጋ ውሻ አይወሰድም። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረው ይህ የመንዝ ምድር የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው፤ በዓለም ላይ የቀሩት ጐልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ቍጥር ከ500 ስለማይበልጥ፣ በባሌ ተራሮችም እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 ከውሻ የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ስለ ፈጀ፣ አዋቂ መዛኝ የውሻውን ሥራ ከማየቱ በፊት የክትባቱን ወረቀት ይጠይቃል። የሠለጠነም ቢሆን እንስሳ እንስሳ ነውና፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2071 የእንስሳው ባለቤት፣ እንስሳው ሳያስበው አምልጦት እንኳ ቢሆን፣ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ደንግጎአል።

እጅ መስጠት፣ መሽከርከር፣ መስገድ የመሳሰለው ጨዋታ በሕዝብ ፊት ብዙ ጭብጨባ ቢያስገኝም በሚዛኑ ላይ የሚገባው በመጨረሻ ነው። በእርሱ ላይ የሚታየው ንጽሕናው ነው፤ ትእዛዙ አንድ ጊዜ ብቻ መነገሩ፣ ግብሩ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው መሆኑ፣ ለውሻውም ዕድሜና አካል የሚስማማ መሆኑ። «ቁጭ በል፣ ቁጭ በል፣ ኧረ ቁጭ በል!» የሚል ሰው፣ ውሻው ሦስተኛውን ቃል እንዲጠብቅ አስተምሮታል። ዓይኑን ከጌታው ኪስ ላይ የማያነሣም ውሻ ለላይ ተመልካች ትጉህ ቢመስልም፣ ልቡ ከሥራው ይልቅ በስንቁ ላይ ነው። የአሠልጣኙም ጥበብ ከሁሉ ይልቅ በማቆሙ ይታወቃል፤ ውሻው ገና ሳይጠግብና ሳይሰለች ትምህርቱን የሚዘጋ ሰው፣ ነገ ሲጠራው እየሮጠ የሚመጣ ተማሪ ይኖረዋል።

እንግዲህ ሁለት ውሾች ለምዘና የቀረቡ እንደ ሆነ፣ አንደኛው አሥሩን ትእዛዝ ሳይሳሳት እየተንቀጠቀጠ ቢፈጽም፣ ሁለተኛው ከአሥሩ ሦስቱን ስቶ እንደ ገና ሊሞክር ቢቸኩል፣ የበላይነቱ ለሁለተኛው ይሰጥ። የእርሱ ጉድለት በትዕግሥትና በጥቂት ቋንጣ የሚሞላ ነው፤ የመጀመሪያው ግን አዲስ ነገር ከመማሩ በፊት ፍርሃቱን መርሳት አለበት፤ ይህም ከማስተማር ሁሉ የሚረዝም ሥራ ነው።