መርፌው ከመግባቱ በፊት

ጨቅላ ሕፃን ተረከዙ ለደም ምርመራ ሲወጋ ያመዋል። ይህ ግልጽ ይመስላል፤ ሕክምናው ግን ሕፃናት ሕመም እምብዛም አይሰማቸውም ብሎ ብዙዎቹን ያለ በቂ ማደንዘዣ ቀዶ ሕክምና ያደርግላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ተመራማሪዎቹ አናንድና ሂኪ ያሳተሙት ጽሑፍ ያንን እምነት ክፉኛ አናጋው።

ነርሶችን ያለ መድኃኒት ሕመም ማስታገስ የሚያስተምረውን ሥልጠና የምወደው ለዚህ ነው። ሠልጣኟ መቸኮልን ትተዋለች። እናቲቱን “ጡት አጉርሺው” ትላትና ሕፃኑ ደህና አድርጎ መጥባት እስኪጀምር ትጠብቃለች፤ ከዚያ በኋላ ትወጋለች። መጥባት ካልቻለ ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ ታስተኛዋለች፣ ወይም ጥቂት የስኳር ውኃ ምላሱ ላይ ጠብ ታደርግለታለች።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ፊት ማንበብን መማሯን ነው። ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን ለማልቀስ እንኳ አቅም ያጥረዋል። ስለዚህ ለቅሶውን አትጠብቅም፤ የግንባሩን መቋጠርና የዓይኖቹን መጨፈን ታያለች።