የሞርፎ ስምና መልክ

ሁለት እጀታዎቹ በየማጠፊያቸው ዞረው ሲገጥሙ ስለቱን በመካከላቸው የሚሰውሩት የቢራቢሮ ሰንጢ፥ በፊሊፒንስ በባታንጋስ አንጥረኞች ዘንድ የከበረ ጥበብ ሲሆን፥ የአሜሪካው ቤንችሜድ የሠራው ሞርፎ 51 ግን ልዩ ሞገስ አጎናጽፎታል። ከጥቁሩ የእጀታ ሽፋን ሥር በጠርዙ ብቻ ብልጭ የሚለው ሰማያዊ የቲታኒየም ዝርግ፥ ጌጡን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለዓይን ያላፈሰሰውን የነዳፊውን ትዕግሥት ይመሰክራል። ስለቱ ዲ 2 ከተባለው ጽኑዕ ብረት ነው፤ (ዝገትን ሙሉ በሙሉ አይቋቋምምና ባለቤቱ ዘይት መቀባቱን አይዘንጋ)። ስሙን የተዋሰው ክንፉ ሰማያዊ ከሆነው የደቡብ አሜሪካ ቢራቢሮ ሲሆን፥ «ሞርፎ» አስቀድሞ ስፓርታውያን ለሴት አምላካቸው ለአፍሮዲት የሰጡት ቅጽል ነበረ። የአውሬና የጭራቅ ስም በሰንጢ ላይ መለጠፍ በተለመደበት ዘመን፥ ከቀለሙም ከአከፋፈቱም ጋር የተስማማው ይህ ስም ያለ ጥርጥር የተገባ ነው።