የሞንቴሆ ቤት፦ ደጃፉና እልፍኙ

በሜክሲኮ ደቡብ ምሥራቅ፣ በዩካታን ባሕረ ገብ መሬት የምትገኘው የሜሪዳ ከተማ እምብርት ሰፊ አደባባይ ነው። በአደባባዩ ምሥራቃዊ ወገን በ1598 ተሠርቶ የተፈጸመው ካቴድራል ቆሟል፤ በደቡቡ ወገን ደግሞ ከካቴድራሉ በዕድሜ የሚቀድም የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ አለ። በመጀመሪያዎቹ ባለቤቶቹ ስም የሞንቴሆ ቤት ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው። ሊጎበኘው የሚመጣ ሰው የሚያየው ሁለት የተለያዩ የጥበብ ሥራዎችን ነው፤ አንደኛው በ16ኛው መቶ ዓመት የተቀረጸ ደጃፍ፣ ሁለተኛው በ19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ፈሊጥ የተሰናዳ እልፍኝ። ሁለቱም የሚነግሩን የአንድ ምድር ታሪክ ነው፤ ይሁን እንጂ ደጃፉ ጮኾ የተናገረውን እልፍኙ ዝም ብሎታል። የዚህ ሐተታ ጉዳይ ይኸው ዝምታ ነው።

ሜሪዳ የተቆረቆረችው ጃንዋሪ 6 ቀን 1542 ነው። ቆርቋሪዋ ታናሹ ፍራንሲስኮ ዴ ሞንቴሆ ሲሆን፣ ዩካታንን የማቅናት ሥልጣን ከስፔን ዘውድ የተቀበለው ግን በስም የሚመሳሰለው አባቱ ነበር። ሥፍራው ባዶ ሜዳ አልነበረም፤ ማያዎች ቲሖ ብለው የሚጠሩት ጥንታዊ ከተማ ነበር። በትውፊት እንደሚነገረው፣ ስፔኖቹ በዚያ የነበሩትን ግዙፍ የድንጋይ ሕንጻዎች ባዩ ጊዜ በአገራቸው በሜሪዳ ያለውን የሮማውያን ፍርስራሽ ስላስታወሷቸው ለሥፍራው ያንኑ ስም ሰጡት። ይሁን እንጂ ያደነቁትን ሕንጻ ከመናድ አልተመለሱም። ድንጋዩ ለአዲሶቹ ጌቶች ቤትና ለአዲሱ እምነት ቤተ ጸሎት ዋለ። ድንጋዩን የተሸከሙትና የጠረቡትም እነዚያው ማያዎች ነበሩ።

ከዚያ ዘመን ቤት ሳይለወጥ ለእኛ የደረሰው ደጃፉ ብቻ ነው። ሥራው በስፔን «ፕላቴሬስኮ» የሚባለው ነው፤ ስሙ ከብር አንጥረኛ የተወሰደ ሲሆን፣ ድንጋዩን እንደ ብር ጌጥ በጥቃቅን ቅርጽ መሙላትን ያመለክታል። ታችኛው ክፍል፣ በሩን ግራና ቀኝ ይዘው የቆሙት ዓምዶች ያሉበት፣ ልከኛና የተረጋጋ ነው። ከሰገነቱ በላይ ግን ሌላ መንፈስ ይጀምራል። መካከሉን የቤተሰቡ ዓርማ ይዞታል። በዓርማው ግራና ቀኝ ከራስ እስከ እግር ጥሩር የለበሱ፣ ረጃጅም መሣሪያ የጨበጡ ሁለት ወታደሮች ቆመዋል። እግራቸው ያረፈው በመሬት ላይ አይደለም፤ አፋቸውን ከፍተው በሚጮኹ የሰው ራሶች ላይ ነው።

እነዚህ ራሶች የማን ናቸው? በ1840ዎቹ መጀመሪያ አገሩን የጎበኘው አሜሪካዊ ተጓዥ ጆን ሎይድ ስቲቨንስ በ1843 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቅርጹ ስፔናዊው ድል አድራጊ የአገሩን ተወላጅ መርገጡን የሚያሳይ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገምቷል። ሌሎች ደግሞ በአውሮጳ የቆየውን ልማድ ያስታውሳሉ፤ በዚያ ልማድ ኃጢአት ወይም ሰይጣን ወይም አረማዊ ከጻድቁና ከጀግናው እግር በታች ይቀረጽ ነበር። ሁለተኛው አስተያየት ትክክል ቢሆን እንኳ ፍርዱን አይለውጠውም። ቅርጽ የሚነበበው በቆመበት ሥፍራ ነውና። ከተማቸው በፈረሰባቸው ሰዎች ዓይን ፊት፣ በዚያው ከተማ አደባባይ ላይ የተረገጠ ራስ ሲተከል፣ ራሱ የማን እንደሆነ ለመረዳት አላፊ አግዳሚው የአውሮጳን ሥነ ጥበብ ታሪክ ማጥናት አያስፈልገውም።

እንግዲህ ይህ ደጃፍ በድንጋይ የተነገረ ፉከራ ነው። ፉካሪ ራሱን ያወድሳል፤ ነገር ግን ገዳይነቱን ለማስመስከር ሟቹን መጥራት አለበት። የወደቀ ጠላት የሌለበት ፉከራ ባዶ ጩኸት ነው። ስለዚህ ሞንቴሆዎች ክብራቸውን በደጃቸው ለመትከል ሲነሡ የተረገጡትንም አብረው ለመትከል ተገደዱ። ወታደሮቹ ደረቅ ናቸው፤ ፊታቸው አንዳች አይናገርም። የሚናገሩት ከእግራቸው በታች ያሉት ራሶች ናቸው። ጌታው ለራሱ ባሠራው ውዳሴ ውስጥ ሕያው ሆኖ የተገኘው የተሸነፈው ሰው ነው።

በደጃፉ ላይ ያለው ጽሑፍም ቢሆን ሊጤን ይገባዋል። ሥራውን አዴላንታዶ ፍራንሲስኮ ዴ ሞንቴሆ በ1549 እንዳሠራው ይገልጻል። አዴላንታዶ የድንበር አቅኚ ማዕረግ ነው። ቃሉ «አሠራ» እንጂ «ሠራ» አይልም። በሁለቱ ግሦች መካከል ባለው በዚያ አንድ ፊደል ውስጥ የአንድ ሕዝብ ድካም ተቀብሯል፤ ያዘዘው ስሙን ሲያስጽፍ፣ መዶሻና መሮ የያዘው ስም የለውም። ያ የተጻፈ ስምም ቢሆን ለባለቤቱ ብዙ አልጠቀመውም። አባትዬው ሥልጣኑን ተነጥቆ በ1553 በስፔን ሞተ፤ ከፎከረ አራት ዓመት ያህል በኋላ ማለት ነው።

ከደጃፉ ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ድምፁ ሁሉ ይጠፋል። ቤቱ በ19ኛው መቶ ዓመት የፔዮን ቤተሰብ ነበር። ከዚያው ቤተሰብ የሆነው ሲሞን ፔዮን የታላቁ የማያ ከተማ የኡሽማል ፍርስራሽ የሚገኝበት የእርሻ ርስት ባለቤት እንደነበረ ስቲቨንስ ጽፏል። በአደባባዩ ላይ የተረገጠው ራስ፣ በገጠሩ ደግሞ የአባቶቹ ቤተ መቅደስ የአንድ ባለርስት ንብረት ሆኑ ማለት ነው። በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ዩካታን በቃጫ በለጸገች። ከኤኔኬን ተክል የሚወጣው ቃጫ በሰሜን አሜሪካ የአጨዳ መኪና ለሚያጭደው እህል ማሰሪያ ገመድ ይሆን ነበር። ቅጠሉን የሚቆርጡት በአብዛኛው ማያዎች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹም በዕዳ ታስረው ከርስቱ መውጣት የማይችሉ ነበሩ።

የእልፍኙ ዕቃ የዚህ ብልጽግና ፈሊጥ ነው። ሳሎኑ፣ መመገቢያ ክፍሉና መኝታ ቤቱ በአውሮጳ አምሳል ተሰናድተዋል። የእንጨቱ ሥራ ረቂቅ ነው፤ አቀማመጡም ልክ አለው፤ ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ የሰው እጅ ምልክት አይታይም። የሞንቴሆ ዘመን ጌታ ይፎክር ስለነበር የተረገጠውን አሳየ፤ የቃጫው ዘመን ጌታ ግን ፉከራን ነውር የሚያደርግ ሥልጣኔ ለብሷልና የተረገጠውን ከዓይን አራቀው። ሰውየው ከገመዱ አልተፈታም፤ ከሥዕሉ ግን ወጣ።

የቤት ዕቃን የፖለቲካ ምስክር እንዲሆን መጠየቅ አግባብ አይደለም የሚል ሊኖር ይችላል። መልሱ አጭር ነው፤ ዕቃውን ማንም አይከስም። የሚጠየቀው ተመልካቹ ነው። በ1980ዎቹ ቤቱ በአንድ ባንክ እጅ ከገባ በኋላ ታድሶ ለሕዝብ መከፈቱ፣ በአንዳንድ ክፍሎቹም የሜክሲኮ ሕዝብ የእደ ጥበብ ሥራ መታየቱ የሚመሰገን ነው። ደጃፉን አፍርሶ ቂምን መወጣት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ደጃፉ ቢፈርስ ክሱ አብሮ ይፈርሳል። በዩካታን ዛሬም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ማያን ይናገራሉ፤ በዚያ አደባባይም ያልፋሉ። ያ ድንጋይ ለእነርሱ ስድብ ብቻ ሳይሆን ሰነድም ነው።

ስለዚህ ይህን ቤት የሚጎበኝ ሰው ወደ እልፍኙ የሚገባው ደጃፉን በዓይኑ ይዞ መሆን አለበት። በመስተዋቱና በወንበሩ መካከል የጎደለው ነገር ምን እንደሆነ የሚነግረው ሌላ መሪ አያሻውም፤ ከወታደሮቹ እግር በታች የተከፈተው አፍ አራት መቶ ሰባ ዓመት አልፎት አሁንም አልተዘጋም።