ባለታሪኩ ከሞተ በኋላ፦ የኩሮሳዋ «ኢኪሩ» ለምን አይረሳም?

አንድ ድራማ ፊልም ዘመን ተሻጋሪ የሚሆነው በምን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ርዕሰ ጉዳዩን የሚጠቅስ ነው፤ ሞት፣ ፍቅር፣ የቤተሰብ መበተን። ይህ መልስ ግን አያጠግብም። ሐኪም ቀን የቆረጠለት ሕመምተኛ በሲኒማ የተለመደ ገጸ ባሕርይ ሲሆን፣ ስለ እርሱ የተሠሩት አብዛኞቹ ፊልሞች የተመልካቹ እንባ ሳይደርቅ ተረስተዋል። አኪራ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1952 የሠራው «ኢኪሩ» («መኖር») በዚሁ ርዕሰ ጉዳይ ላይ ቆሞ ከሰባ ዓመት በኋላም ይታያል፣ ይተነተናል፣ እንደገና ይሠራል። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ፣ ፊልሙን ያቆየው የሴራው አወቃቀር ነው የሚል ነው። ኩሮሳዋ ታሪኩ ሳያልቅ ባለታሪኩን ይገድለዋል፤ የሥራውን ትርጉም ለምስክሮች ክርክር ይተዋል፤ በዚህም ተመልካቹን ከአልቃሽነት ወደ ዳኝነት ወንበር ያሻግረዋል።

ፊልሙ የሚከፈተው በጨጓራ ኤክስሬይ ነው። ተራኪው፣ ጨጓራው የባለታሪካችን መሆኑን፣ ካንሰር እንዳለበት፣ ባለቤቱ ግን ገና እንደማያውቅ ይነግረናል። ካንጂ ዋታናቤ (ተዋናዩ ታካሺ ሺሙራ ነው) በማዘጋጃ ቤት የሕዝብ ጉዳዮች ክፍል ኃላፊ ነው፤ ለሠላሳ ዓመት ገደማ ከሥራ ገበታው ቀርቶ አያውቅም። ተራኪው ርኅራኄ የለውም። ሰውዬው በቁሙ ከሞተ ዓመታት እንዳለፉት፣ ስለ እርሱ ማውራትም አሰልቺ እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። ዋታናቤ ማኅተሙን የሚወለውልበት ወረቀት፣ ከዓመታት በፊት ራሱ ካረቀቀው የአሠራር ማሻሻያ ሰነድ የተቀደደ ነው። ስለ ባከነው ዕድሜው ከዚህ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

በዚያው ሰሞን የኩሮኤ ሰፈር እናቶች፣ ቆሻሻ ውኃ የተኛበት ቦታ ተደልድሎ የልጆች መጫወቻ እንዲሆን አቤት ለማለት ይመጣሉ። ከጤና ወደ ፍሳሽ፣ ከመንገድ ወደ እሳት አደጋ እየተላኩ ይንከራተቱና መጨረሻ ላይ የተነሡበት መስኮት ይመለሳሉ። ሠራተኞቹ መልሳቸውን የሚሰጡት ፊት ለፊት ወደ ካሜራው እያዩ ስለሆነ፣ እምቢታው ለእኛም የተነገረ ይመስላል። ተመልካቹ ገና ከጅምሩ ባለጉዳይ ተደርጓል።

ዋታናቤ ሕመሙን ካወቀ በኋላ የሚያደርገው ፍለጋ ዘውጉ የሚጠብቀው ዓይነት ነው። ከአንድ ደራሲ ጋር በምሽት ቤቶች ይዞራል፤ ገንዘቡን ይረጫል፤ በ1915 የተደረሰውን «የጎንዶላ ዜማ» በጠረረ ድምፅ ሲያንጎራጉር ጨፋሪዎቹ ይሸሹታል። መውጫውን የምታሳየው ከመሥሪያ ቤቱ ለቅቃ የአሻንጉሊት ፋብሪካ የገባችው ወጣቷ ቶዮ ናት። ዋታናቤ ከእርሷ ጋር ከተገናኘበት ካፌ የጥንቸል አሻንጉሊት ይዞ ደረጃውን በጥድፊያ ሲወርድ፣ ከላይ ያሉት ተማሪዎች ለጓደኛቸው የልደት መዝሙር ይዘምራሉ። መዝሙሩ የእርሱም መወለጃ እንደሆነ ማንም አይነግረንም፤ ቅንብሩ ብቻውን ይናገራል።

ልማደኛ ድራማ ከዚህ በኋላ ባለታሪኩ መጫወቻውን ለማሠራት የሚያደርገውን ትግል እየተከታተለ ወደ ድሉና ወደ ሞት አልጋው ይወስደን ነበር። ኩሮሳዋ ግን ይቆርጠዋል። ተራኪው ከአምስት ወር በኋላ ዋታናቤ መሞቱን ይናገራል፤ የምናየውም በለቅሶ ቤት የተሰቀለ ፎቶግራፉን ነው። 143 ደቂቃ ከሚፈጀው ፊልም የመጨረሻው ሲሶ ገደማ የሚያልፈው በዚህ ቤት ነው። መጫወቻው ተሠርቷል፤ ምስጋናውን ምክትል ከንቲባው ለራሱ ወስዷል። የኩሮኤ እናቶች ገብተው ዕጣን አጭሰው ሲያለቅሱ፣ ያለ አንድ ቃል የሰጡት ምስክርነት ሹማምንቱን ከቤቱ ያስወጣቸዋል። የቀሩት ጸሐፊዎች እየጠጡ ይከራከራሉ፦ ሰውዬው ሕመሙን ያውቅ ነበር? መጫወቻውን የሠራውስ ማን ነው?

እዚህ ላይ ምልሰት ሥራው ይለወጣል። ባለፈው ጊዜ ለመቆዘም የገባ ጌጥ መሆኑ ይቀርና የምስክር ቃል ይሆናል። አንዱ የበላዮቹን ደጅ እየጠና ሲለምን አይቶታል፤ ሌላው ወሮበሎች ሲያስፈራሩት ፈገግ ማለቱን ያስታውሳል። እያንዳንዱ የያዘው ቁራጭ ነው፤ ቁራጮቹን የምንገጣጥመው እኛ ብቻ ነን፤ ምክንያቱም ገዳዩን ሕመም ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ እናውቃለን። በበረዶ ውስጥ ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ያንኑ ዜማ ሲያንጎራጉር የምናየውም በአንድ ፖሊስ ትዝታ ነው። በምሽት ቤቱ ሰው ያባረረው ዜማ እዚህ ሲደገም የእርካታ ድምፅ ሆኗል።

ኩሮሳዋ ከሺኖቡ ሃሺሞቶና ከሂዴኦ ኦጉኒ ጋር ጽሑፉን ሲያዘጋጅ መነሻ የሆነው የቶልስቶይ «የኢቫን ኢሊች ሞት» ነው። የቦታ ለውጡ ልብ ይሏል። ቶልስቶይ በሟቹ የሥራ ባልደረቦች ግብዝነት ይጀምርና ወደ ሟቹ ሕይወት ይመለሳል፤ ኩሮሳዋ ባልደረቦቹን ወደ መጨረሻ አዛወራቸው። ስለዚህ ሲናገሩ እውነቱን የሚያውቅ ታዛቢ ፊታቸው ተቀምጧል።

ኦሊቨር ኸርማነስ በካዙኦ ኢሺጉሮ ጽሑፍ፣ ቢል ናይን በመሪነት አሰልፎ በ2022 ያቀረበው «ሊቪንግ» ታሪኩን ወደ 1950ዎቹ ለንደን ይወስደዋል። የናይ ትወና ቁጥብና ያማረ ነው። ይሁንና በዚህ ፊልም ሟቹ ለወጣቱ ባልደረባው ደብዳቤ ትቶ የሥራውን ትርጉም ራሱ ያስረዳል። ተመልካቹ ይጽናናል፤ ፍርዱ ግን ከእጁ ይወሰዳል። በ«ኢኪሩ» ደብዳቤ የለም። ጸሐፊዎቹ በስካር የገቡት ቃል በማግሥቱ ይታጠፋል፤ አዲሱ ኃላፊ ባለጉዳይን ወደ ሌላ መስኮት ይልካል። ለዋታናቤ የተሟገተው ኪሙራ ተቆጥቶ ብድግ ይላል፤ ከዚያም ተመልሶ ይቀመጥና በወረቀት ክምር ይዋጣል።

የለቅሶው ክፍል ረዝሟል፣ ንግግር በዝቶበታል የሚል ትችት ሊነሳ ይችላል። ርዝመቱ እውነት ነው፤ ጉድለት ግን አይደለም። የሰካራሞቹ መደጋገም የቢሮው አሠራር በሌላ መልክ የመጣ ነው፤ እዚያ አቤቱታ እንደተጉላላ፣ እዚህ እውነት ይጉላላል። ያንን ያሳጠረ አርታዒ የፊልሙን ፍርድ ቤት ይዘጋ ነበር።

እንግዲህ ድራማን ከእንባው በኋላ የሚያኖረው፣ ለተመልካቹ የሚተወው ሥራ ነው። በዚህ መለኪያ «ኢኪሩ» ከዘውጉ ታላላቅ ሥራዎች ተርታ ይቆማል፤ ለዚህም የሚያበቃው ዋታናቤን የገደለበት ሰዓት ነው።