የዓለም አቀፍ ግንኙነት ተዋንያን አከፋፈል በጣና ጉዳይ ሲመዘን

ስለ ዓለም አቀፍ ግንኙነት የሚያስተምሩ መጻሕፍት የመድረኩን ተዋንያን አብዛኛውን ጊዜ በአራት ከፍለው ያቀርቡልናል። እነዚህም አንደኛ መንግሥታት፥ ሁለተኛ መንግሥታት በውል ያቋቋሟቸው ማኅበሮች፥ ሦስተኛ ድንበር ተሻግረው የሚሠሩ ኩባንያዎች፥ አራተኛ ከመንግሥት ውጭ ያሉ ማኅበሮች፥ የሃይማኖት ተቋማትና ግለሰቦች ናቸው። ይህ አከፋፈል ለጥናት የተመቸ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን እዚህ ዘንዘልማ ሆነን በአቅራቢያችን ባለው በጣና ሐይቅ ታሪክ ብንመዝነው ሁለት ጉድለት እናገኝበታለን። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የመጀመሪያው ጉድለት የተዋናዩን ዓይነት እንጂ ክብደቱን አለመንገሩ ነው። በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል፥ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ የጥቁር ዓባይን፥ የጣናንና የሶባትን ውሃ የሚያግድ ሥራ ላለመሥራትና ላለማሠራት ቃል ገብተው ነበር። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የመንግሥታት ብቻ ይመስላል። በ1925 መጨረሻ ግን እንግሊዝና ኢጣልያ ደብዳቤ ተለዋውጠው፥ አንዷ በጣና ላይ ግድብ ለመሥራት፥ ሌላዋ ከኤርትራ እስከ ኢጣልያ ሶማሊያ የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋትና በምዕራብ ኢትዮጵያ የተለየ የኢኮኖሚ መብት ለማግኘት ሊረዳዱ ተስማሙ። የአገሩ ባለቤት ኢትዮጵያ ግን አልተጠየቀችም።

ኢትዮጵያ በ1923 የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ስለ ነበር፥ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን በ1926 ለማኅበሩ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። ሁለቱ መንግሥታትም ኢትዮጵያን የማስገደድ አሳብ እንደሌላቸው ለማኅበሩ ማስረዳት ግድ ሆነባቸው። በ1927 ደግሞ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ አሜሪካ ተልከው፥ ጄ. ጂ. ኋይት ከሚባለው የኒው ዮርክ የምህንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ግድቡ ተነጋገሩ። ማኅበሩ ጦር አልነበረውም፤ ኩባንያውም ግዛት አልነበረውም፤ ሐኪሙም አንድ ሰው ነበሩ። ሆኖም ጦሩ ያነሰ መንግሥት ሦስቱንም አስተባብሮ የኃያላኑን ምክር ለጊዜው አሰናከለ።

ያው ማኅበር ግን ኢጣልያ በ1935 በወረረችን ጊዜ ሊያድነን አልቻለም። ዓይነቱም ስሙም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ክብደቱ ነው። እንግዲህ «ማኅበሮች ሁለተኛው ክፍል ናቸው» ብሎ መጻፍ ከዚህ ምን ያስረዳናል?

ምናልባት «ሌሎቹ ሁሉ የመንግሥት መሣሪያዎች ናቸውና ተዋናይ መንግሥት ብቻ ነው» የሚል ይኖራል። እኛ በዚህም አንስማማም። ቤተ ክርስቲያናችን በ1959 የራሷን ፓትርያርክ እስክታገኝ ድረስ ከእስክንድርያ መንበር ጋር ለብዙ መቶ ዓመታት ተሳስራ ኖራለች። በካይሮም በአገራችንም ገዢዎች ሲፈራረቁ ይህ ግንኙነት ጸንቶ ቆይቷል። ጌታው ሲለወጥ እርሱ የማይለወጥን ነገር መሣሪያ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይከብዳል። አከፋፈሉ አድራጊውን ሲቈጥር ባለጉዳዩን ይረሳል። ከ1996 ጀምሮ በጨረጨራ የተሠራው መቆጣጠሪያ ከጣና የሚወጣውን ውሃ ይመጥናል። በ2010 ሥራ የጀመረውና 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ያወርዳል፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴም ውሃው አንሷል። ታንኳ የሚቀዝፈው ዓሣ አጥማጅ፥ ውሃው ሲሸሽ የሚዘራው ገበሬ፥ በደሴቶቹ ያሉት ገዳማት የሐይቁ ከፍታ በተለወጠ ቍጥር ኑሯቸው ይነካል። ከአራቱ ክፍሎች ግን ገበሬውና አጥማጁ በየትኛው ይገባሉ? ግለሰብ ሲባል የሚጠቀሰው መልእክተኛው ወይም መሪው ነውና በየትኛውም አይገኙም።

ባለጉዳይ ሁልጊዜ ባለጉዳይ ብቻ ሆኖ ይቀራል ማለታችን አይደለም። በ2011 ተጀምሮ በ2025 ለተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በአገር ውስጥና በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ቦንድ እየገዙ ገንዘብ አዋጥተዋል። በ2019 እና በ2020 በተደረገው ድርድር አሜሪካና የዓለም ባንክ በታዛቢነት ተቀመጡ፤ ኋላም የአፍሪካ ኅብረት ነገሩን ያዘ። ቦንድ የገዛው ሠራተኛ ከጠረጴዛው አልነበረም፤ ነገር ግን ተደራዳሪዎቹ ሊረሱት አልቻሉም። በገንዘቡ ከባለጉዳይነት ወደ አድራጊነት ተሻግሯልና።

ስለዚህ የአራቱን ክፍል ዝርዝር እንደ መነሻ ይዘን፥ በእያንዳንዱ ጉዳይ ሦስት ጥያቄ እንድንጨምር አሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፥ ያለ ማን ፈቃድ ነገሩ አይፈጸምም? ሁለተኛ፥ ማን በማን በኩል ይሠራል? ሦስተኛ፥ ነገሩ እየነካው ያልተጠየቀ ማን ነው? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የ1926ን ድልና የ1935ን ጥፋት ለይተው ለማየት ይረዱናል። ሦስተኛው ግን ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠን ውል ስናረቅ የሚፈትነን ነው። በ1925 ሳንጠየቅ ስለ ውሃችን ተወሰነ ብለን በማኅበሩ ፊት የተሟገትን ሕዝብ፥ የራሳችንን የሐይቅ ዳር ሰው ሳንጠይቅ ብንወስን ክርክራችንን በገዛ እጃችን እናፈርሰዋለን።