በስሌት የተሠራው ክርና የበገና እዝታ

ኬቪን ካርፕለስና አሌክስ ስትሮንግ በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጡት የክር ድምፅ መፍጠሪያ ዘዴ ቁጠባው ያስደንቃል። ኮምፒዩተሩ 100 ቁጥሮችን በዘፈቀደ ይደረድራል፤ ከዚያም እያንዳንዱን ከጎረቤቱ ጋር ደምሮ ለሁለት እያካፈለ ረድፉን ያዞረዋል። በሴኮንድ 44,100 ናሙና ቢወጣ 439 ያህል ንዝረት ያለው ድምፅ ይሰማል። ቀጫጭኑ ንዝረት ቶሎ ይሞታል፥ ወፍራሙ ይቆያል፤ ይህም በእርግጥ በጣት የተነካ ክር ጠባይ ነው። ለጊታር፥ ለክራርም ቢሆን፥ ብዙ ነቀፌታ የለንም።

ነገር ግን ዘዴው ለክር መሣሪያ ሁሉ ይበቃል ሲባል አንቀበልም። በበገና በርኩማ ላይ ከእያንዳንዱ ክር ሥር እንዚራ የተባለ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ክሩ በተርገበገበ ቍጥር በርኩማውን እየነካ ይለቃል፤ እዝ የሚለው ድምፅ የሚወለደው ከዚሁ ነው። እንግዲህ ቀጫጭኑ ንዝረት በየዙሩ እንደ አዲስ ይፈጠራል ማለት ነው፤ ደምሮ ማካፈል ግን ማለስለስ እንጂ መፍጠር አያውቅም። መነካካቱን የሚያሰላ ክፍል ካልተጨመረበት የምንሰማው (ስሙን በገና ብንለውም) ትልቅ ክራር ነው፤ በገናን ከመሣሪያው ሳይሆን ከማሽን የሚያውቅ ተማሪም ይህንኑ ይወርሳል። ደርዳሪው እንዚራውን በጥቂቱ ፈቀቅ እያደረገ እዝታውን ያስተካክላል፤ የዚያች ፈቀቅታ ልክ በቀመሩ ውስጥ የለችም።