ጨለማ ከሆነ፣ መብራት አብራ

ከደብረ ሲና በላይ ባለው ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ መኪና በእኩለ ቀን መብራት ያበራል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚመላለስ ሹፌር ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የደብረ ሲና ልጅማ ከሹፌሩም በላይ ያውቃል። እዚሁ ደብረ ሲና ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሮቦቲክስና ፕሮግራሚንግ ሳስተምር ከየትኛውም መሣሪያ ይበልጥ የጠቀመኝ ይህ እውቀታቸው ነው።

የምንጀምረው በየትም አገር በሚሠራ መልመጃ ነው። አንድ አርዱይኖ ቦርድ፣ ብርሃን የሚለካ ሴንሰር፣ ሁለት ሞተርና ጎማ፣ ከፊት አንዲት አምፖል ተገጣጥመው ትንሽ መኪና ይሆናሉ። ትእዛዙ አጭር ነው፤ «ጨለማ ከሆነ መብራት አብራ፤ ካልሆነ አጥፋ»። ቦርዱ የብርሃኑን መጠን ከ0 እስከ 1023 ባለው ቁጥር ይነግረናል፤ ከስንት በታች ሲሆን «ጨለማ» እንደምንለው የሚወስኑት ልጆቹ ናቸው። ከዚያ ከካርቶን ዋሻ ይሠራሉ። ሌላ ቦታ ቢሆን ዋሻ ምን እንደሆነ ማስረዳት ይጠበቅብኝ ነበር። እዚህ ግን ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ሰርስሮ የሠራው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ዋሻ አለ፤ ያላለፈበት ልጅ አይገኝም።

መኪናዋ ዋሻው አፍ ላይ ስትደርስ አምፖሏ መርገብገብ ትጀምራለች። ወሰኑ 300 ከሆነ ሴንሰሩ 298፣ 303፣ 299 እያለ ይዋልላል፤ መብራቱም አብሮት ይበራል፣ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ቶሎ ብዬ አልናገርም። ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥሮቹ ሲወርዱ እንዲያዩ ብቻ እተዋቸዋለሁ። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አተኩራ ቆየችና «ቲቸር፣ ለማብራትም ለማጥፋትም ለምን አንድ ቁጥር እንጠቀማለን?» አለችኝ። መፍትሔው ይኸው ነው፤ ከ250 ሲያንስ አብራ፣ ከ400 ሲበልጥ አጥፋ፣ በመሐል ያለውን እንዳለ ተወው። ፍሪጅም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። መሐንዲሶች ለዚህ ስም አውጥተውለታል፤ ስሙን የምነግራቸው ግን ሐሳቡን ራሳቸው ካገኙት በኋላ ነው።

የማከብረው አንድ ሥርዓት አለ። ማንም ተማሪ ፕሮግራሙን ከማስነሳቱ በፊት ምን እንደሚሆን ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ብዙ ልጆች «ዝም አይነቅዝም» እየተባሉ ነው ያደጉት፤ ተሳስቶ መሳቂያ ከመሆን ዝም ማለት ይሻላል ብለው ክፍል ይገባሉ። ደብተር ላይ የተጻፈ ግምት ግን አያስቅም። ሮቦቷም ጎበዝና ሰነፍ ለይታ አትሠራም፤ ያዘዟትን ትፈጽማለች፣ በቃ። እ.ኤ.አ. በ1967 ሎጎ የተባለውን የልጆች የፕሮግራም ቋንቋ ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው ሲሞር ፓፐርት የተከራከረው ለዚህ ነበር። በፕሮግራም ሥራ ውስጥ ልጅ የሚጠይቀው «ልክ ነኝ ወይስ ተሳሳትኩ?» ብሎ ሳይሆን «የቱ ጋ ነው የሚስተካከለው?» ብሎ ነው። እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ጉም የወረደ ቀን ሥራው ሁሉ ይቆምና መኪናዋን ይዘን ወደ ደጅ እንወጣለን። «አምፖሏ ትበራለች ወይስ አትበራም?» አብዛኞቹ «ትበራለች» ብለው ይጽፋሉ። አትበራም። እኩለ ቀን ላይ ያለ ጉም ነጭ ነው፤ የፀሐዩን ብርሃን በየአቅጣጫው ይበትነዋል እንጂ አያጨልምም፤ ስለዚህ ሴንሰሩ ትልቅ ቁጥር ያሳያል። በዚያው ሰዓት አስፋልቱ ላይ ተሳቢው መብራቱን አብርቶ፣ ጥሩምባውን እየነፋ ይመጣል። ልጆቹ አንዴ መኪናዋን፣ አንዴ ተሳቢውን ያያሉ። ሴንሰሩ ተበላሽቷል የሚል አይጠፋም፤ ሴንሰሩ ግን የተጠየቀውን በትክክል መልሷል። እኛ የጠየቅነው «ጨለማ ነው ወይ?» ብለን ነው፤ ሹፌሩ የሚጠይቀው «ምን ያህል ርቀት ይታየኛል?» ብሎ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር የዓመቱ ምርጥ ትምህርት ነው። አንዱ በድምፅ ርቀት የሚለካውን ሴንሰር ያመጣል፤ ድምፅ ይልካል፣ ማሚቶው እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይቆጥራል። ይሞክሩትና ከአራት ሜትር ወዲያ አይረዳቸውም፤ ጉሙንም ጨርሶ አያየውም። ሌላው እርጥበት እንለካ ይላል። አንድ ቀን አንድ ልጅ «የራሳችንን መብራት ወደ ጉሙ ልከን የሚመለሰውን ብንለካስ?» አለ። በአየር ማረፊያዎች የእይታ ርቀት የሚለኩ መሣሪያዎች ከዚህ ሐሳብ አይርቁም፤ ብርሃን ይልካሉ፣ የጉሙ ጠብታ የበተነውን ይለካሉ። ልጁ ይህን አላነበበም። ማታ ማታ የመኪና መብራት ጉም ውስጥ ነጭ ግድግዳ ሆኖ ሲመለስ እያየ ያደገ ነው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚሉ ወላጆች ያን ቀን ክፍል ውስጥ ቢገኙ ደስ ባለኝ!

ልጆች ያለ አስተማሪ ምን ያህል እንደሚሄዱ የታየበት ጊዜም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ላሉ ሁለት መንደር ልጆች ታብሌት ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር። ልጆቹ ማብሪያውን አገኙ፣ በወራት ውስጥም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱ። በዚህ ታሪክ እኮራለሁ፤ አስተማሪ አያስፈልግም የሚለውን መደምደሚያ ግን አልቀበልም። ልጅ ብቻውን መሣሪያ ይከፍታል። ግምቱን አስጽፎ፣ ጉም ውስጥ አውጥቶ «አሁንስ?» የሚለው ሰው ግን ከታብሌት ጋር አብሮ አይመጣም።

ሌላው የምወደው ሥራ ውሃ ማፍላት ነው። «ሙቀቱ 100 እስኪደርስ ጠብቅ፣ ከዚያ ደወል ደውል» የሚል ፕሮግራም ይጽፋሉ። ደብረ ሲና ላይ ደወሉ አይደወልም። ውሃው ይንተከተካል፣ ቁጥሩ 91 ገደማ ላይ ይቆማል፣ ፕሮግራሙ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የውሃ መፍያ በ1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ወደ ታች ሸዋ ሮቢት ቢወርዱ 96 ገደማ፣ ወደ ላይ ጣርማ በር ቢወጡ 89 ገደማ ያገኛሉ። ብልህ የሆኑት ነገሩን ይገለብጡታል፤ የሚፈላበትን ሙቀት ካወቅን ያለንበትን ከፍታ ማወቅ እንችላለን ይላሉ። ቴርሞሜትሩ በእጃቸው ላይ የከፍታ መለኪያ ሆነ ማለት ነው።

ሮቦት የሩቅ አገር ነገር ብቻ አለመሆኑንም እነግራቸዋለሁ። ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥታ እንደነበርና ከሶፍትዌሯ ከፊሉን የሠሩት አይኮግ ላብስ የተባለው ኩባንያ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች እንደሆኑ ስነግራቸው ዓይናቸው ይበራል። ይበልጥ የሚቀርባቸው ግን የፕሮግራመሯ የቤተልሔም ደሴ ታሪክ ነው፤ ሐረር ውስጥ፣ በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ፣ በዘጠኝ ዓመቷ ለደንበኞች ሞባይል ላይ ሶፍትዌር እየጫነች ሙያውን የጀመረች ናት። ሞባይል ቤት ደብረ ሲናም አለ። ብየዳ የሚያስፈልገን ጊዜ የምንሮጠው ወደዚያው ነው፤ ሞተሮቹንም ከተጣለ ፕሪንተር ፈትተን እናወጣለን። መብራት ሲሄድ ኮዱን በወረቀት እንጽፋለን፣ አንዱ ልጅ ሮቦት ሆኖ መስመር በመስመር ይፈጽመዋል። ስክራች የተባለው የልጆች የፕሮግራም ቋንቋ በአማርኛ መሥራቱም ትልቅ እፎይታ ነው፤ «ከሆነ» እና «ድገም» የሚሉትን በራሳቸው ቋንቋ ይጀምራሉ።

ለትምህርት ቤቶች መሣሪያ ለመለገስ የሚያስቡ ሰዎችን አንድ ነገር ልጠይቅ። በሚያምር ሣጥን የታሸገ፣ እንደ መመሪያው ብቻ የሚገጠም ሮቦት አንድ ሴንሰሩ የተቃጠለ ቀን ከነሣጥኑ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በዚያው ገንዘብ ሽቦ፣ ባትሪ፣ ተራ ሞተርና መለዋወጫ ሴንሰር በብዛት ይግዙልን። ሊሰበር የሚችል፣ ሲሰበርም ልጅ የሚጠግነው ዕቃ ይላኩልን።